ሳይመረቁ ወደ ላይኛው ሒሳብ መግባት፤ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ቤት አንጻር የቀረበ ሒስ

በሒሳብ ክፍል ተማሮች ዘንድ በየዓመቱ የሚነሣ፣ ነገር ግን በጽሑፍ ቀርቦ ሲመረመር ያላየሁት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና ያልጨረሰ ተማሪ የማስተርስ ኮርሶችን መጀመር ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ነው። መዝገብ ቤት የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ዲግሪ ያልያዘ ሰው ለሁለተኛ ዲግሪ አይመዘገብም። ተማሮች የሚሰጡት መልስ ረዘም ያለ ቢሆንም ከዚያ የተሻለ አይደለም፤ ውጤቴ ከፍተኛ ስለ ሆነ፣ የክፍሉም ትምህርት ስለ ቀለለኝ ይፈቀድልኝ የሚል ነው። አንደኛው ዓመት ይቈጥራል፤ ሁለተኛው ነጥብ ይቈጥራል። የላይኛው ሒሳብ ከታችኛው የሚለየው በምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን የለም።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም መልሶች ለመተቸት አስቤአለሁ። ለመመዘኛ የመረጥሁት ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውን ቦሩ ሜዳን ነው። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ አገር የኖረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያልፍበት የራሱ ሥርዐት ስላለው ነው። ሁለተኛ፣ በዚሁ ትምህርት ውስጥ ባሕረ ሐሳብ የሚባል እውነተኛ የቊጥር ትምህርት ስለሚገኝና ጥያቄያችንን በባዶ ቃል ሳይሆን በቊጥር ለመመርመር ስለሚያስችል ነው።

ቦሩ ሜዳ በታሪክ መጻሕፍት የታወቀው በ1870 ዓ/ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ባስደረጉት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። በኋላም በቦሩ ሜዳ ሥላሴ መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ስለ ነበር፣ ቦታው የክርክር ብቻ ሳይሆን የትምህርትም ስም አለው። ዛሬ ደሴ ከተማ ያለው አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚጠራው በእኒሁ መምህር ስም ነው። ጉባኤ የሚለው ቃል ለሁለቱም ነገር ማገልገሉ ልብ ሊባል ይገባል። ሊቃውንት ንጉሥ ፊት ቆመው የተከራከሩበትም ጉባኤ ነው፤ ተማሮች መምህራቸውን ከበው የሚማሩበትም ጉባኤ ነው። በሁለቱም ቦታ ሰው የሚመዘነው ተነሥቶ ሲናገርና ሲጠየቅ ነው። ልዩነቱ የ1870ው ክርክር በመጨረሻ በንጉሥ ዐዋጅ መዘጋቱ ነው። ሒሳብ ግን የሚያውጅለት ንጉሥ የለውም፤ ስለዚህ በውስጡ የሚደረገው መመዘን ሁሉ በንግግሩና በጥያቄው ብቻ መቆም አለበት።

አሁን ወደ ሥርዐቱ እንግባ። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄዳል። ይህን ቅደም ተከተል ማንም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን በየቤቱ የሚቆይበት ዘመን አለመወሰኑን ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየን፣ ሚ በዝኁን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል። አንዱ በሁለት ዓመት የሚደርስበትን ሌላው በስድስት ዓመት ይደርስበታል፤ አንዱም ጨርሶ አይደርስም። ቀን ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ ቤቱ ከሞላ፣ ምሥጢሩ ከሰመረ፣ አገባቡ ካልተበላሸ ይታለፍለታል። ካልሆነም እዚያው ፊታቸው ይታረማል። ለሚቀጥለው ደረጃ የሚያበቃው ይህ ብቻ ነው፤ ስንት ክረምት ከረምህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ከዚህም በላይ፣ በቅኔ ቤት አስነጋሪ የሚባል ተማሪ አለ። እርሱ ራሱ ገና መወድስ በመማር ላይ ሳለ የታናናሾቹን ጉባኤ ቃና ሰምቶ ያርማል። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የላይኛው ተማሪና የታችኛው አስተማሪ ነው ማለት ነው። በእኛ አነጋገር ብንተረጕመው፣ በአንዱ ወንበር ያልተመረቀ፣ በሌላው ወንበር ረዳት መምህር ነው። ይህም ለታናናሾቹ ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ለራሱ የሚሰጠው ይበልጣል፤ ሌላውን ሲያርም የራሱን መሠረት ይፈትሻልና።

ይሁን እንጂ ይህን አይተን የድሮው ትምህርት ልጓም አልነበረውም ብንል እንሳሳታለን። ቅኔ ሳያውቅ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚሄድ ሰው አይከበርም፤ የግእዙን አገባብ ስለማያውቅ አንድምታውን እንደ ሰማው ይደግመዋል እንጂ ሊፈታው አይችልም ይባላል። በዜማም ቢሆን ድጓ የተማረ ሁሉ መምህር አይሆንም፤ ወደ ምስክር ቤት ሄዶ ማስመስከር አለበት። ስለዚህ ሥርዐቱ ልቅ አይደለም። ነጻ ያደረገው ዘመኑን ነው፤ ዕውቀቱን ግን አጥብቆ ይዞታል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ይህን ገልብጠው የያዙት ይመስለኛል፤ ዘመኑን አጥብቀው ዕውቀቱን አላልተዋል። ሃምሳ ከመቶ ያመጣ ተማሪ ወደሚቀጥለው ኮርስ ያልፋል፤ ያልተረዳው ሌላው ሃምሳ ከመቶ ደግሞ አብሮት ያልፋል።

ቀጥለን ባሕረ ሐሳብን እንመልከት። ይህ ትምህርት በመጻሕፍት ቤት የሚሰጥ ሲሆን፣ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን ማግኛ ነው። ትውፊቱ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ አወጣው ይላል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚሁ ርእስ ባሳተሙት መጽሐፍ ከታሪክ ማስታወሻ ጋር አቅርበውታል። የጥንት ሒሳብ ታሪክ ሊቅ የሆነው ኦቶ ኖይገባወርም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት አንድ ትልቅ ጥናት አሳትሟል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ ስሙን እንጂ ስሌቱን አላውቀውም ነበር፤ የተማርሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ለማያውቁት አንባቢዎች የ2017 ዓ/ምን ፋሲካ በምሳሌነት አወጣለሁ።

በዓመተ ዓለም 5500 ሲደመር 2017 ማለት 7517 ነው። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይቀራል፤ 1 ከቀረ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። 7517 እና 1879 ተደምረው 9396 ይሆናሉ፤ ይህ ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ 1 ማክሰኞ ስለ ሆነ 2 ረቡዕ ነው፤ እንግዲህ መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ዋለ። 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ ይህ መደብ ይባላል። ለዘመኑ አንድ ይነሣለትና 11 ይሆናል፤ ይህም ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይወጣል፤ 11 ጊዜ 11 ማለት 121 ስለ ሆነ፣ አበቅቴው 1 ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል፤ 209 ሲገደፍ 29 ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ 29 እና 4 ሲደመሩ 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ 3 ይሆናል፤ መባጃ ሐመር ማለት ይህ ነው። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። በ14 ቀን ዐቢይ ጾም፣ የካቲት 17፤ በ69 ቀን ፋሲካ፣ ሚያዝያ 12። የዚያን ዓመት የቀን መቍጠሪያ ያስቀመጠ ሰው ሊያመሳክር ይችላል።

ይህን ሁሉ አንድ ዲያቆን በቃሉ፣ ወረቀት ሳይዝ ይሠራዋል። የቊጥር ሥራው በሙሉ እኛ በዩኒቨርሲቲ የሞዱሎ ስሌት የምንለው ነው፤ በ4፣ በ7፣ በ19፣ በ30 መግደፍና ቀሪውን መያዝ። ታዲያ ይህ ዲያቆን የላይኛውን ሒሳብ ጀምሯልን?

ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ መረጥሁ። ደንቡ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ እንዲህ፣ ካነሰ እንዲህ ሲል፣ ከ14 ጋር ትክክል ቢሆንስ ምን ይሆናል? በቦሩ ሜዳ አካባቢ ላገኘኋቸው አንድ መምህር ይህንኑ አቀረብሁላቸው። ወዲያው፣ "እሱማ አይመጣም" አሉኝ። "ለምን አይመጣም?" ብላቸው፣ ጣታቸውን እያጠፉ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩኝ፤ 30፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24፣ 13፣ 2፣ 21፣ 10፣ 29፣ 18፣ 7፣ 26፣ 15፣ 4፣ 23፣ 12። ዐሥራ ዘጠኙንም ጨርሰው፣ "ይኸው፣ የት አለ?" አሉ። ይህ መልስ ፍጹም ትክክል ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ነገሮችን አንድ በአንድ ቈጥሮ ዐሥራ አራት በውስጣቸው እንደሌለ ማሳየት እውነተኛ ማረጋገጫ ነው፤ ማንም የሒሳብ ሊቅ ሊነቅፈው አይችልም።

ነገር ግን ሌላ ዐይነት መልስም አለ። 19 በራሱ ሲባዛ 361 ነው፤ 361 በ30 ሲገደፍ 1 ይቀራል። እንግዲህ በሠላሳ ግድፈት ውስጥ 19 የራሱ ግልባጭ ነው፤ በ19 የተባዛን ነገር ለመመለስ እንደ ገና በ19 ማባዛት ይበቃል። መጥቅዑ 14 እንዲሆን የሚያደርገው ወንበር ካለ፣ እርሱ 14 ጊዜ 19፣ ማለትም 266፣ በ30 ተገድፎ 26 መሆን አለበት። ወንበር ግን ከ0 እስከ 18 ብቻ ነው። ስለዚህ 14 አይመጣም። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ስለ 14 ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ በመጥቅዕ የማይወጡት ሌሎቹ ዐሥር ቊጥሮችም የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ ለምን እንደማይወጡ፣ ዘመኑ 19 መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቢሆን ደግሞ የትኞቹ እንደሚወጡ ያውቃል። የመጀመሪያው መልስ ጥያቄውን ዘጋ፤ ሁለተኛው ሌሎች ጥያቄዎችን ከፈተ። የላይኛው ሒሳብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ያስፈለገው ግን ማባዛትና መግደፍ ብቻ ነው፤ ከዲያቆኑ ስሌት አንድም የሚበልጥ ትምህርት አልገባበትም።

አንድ ተጨማሪ ነገር ላሳይ፤ ይህኛው ከፊተኛው ይልቅ ጠለቅ ያለ ነው። አበቅቴ በየዓመቱ 11 የሚጨምረው የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለ ሆነ ነው፤ ይህን ማንኛውም የባሕረ ሐሳብ መምህር ይነግርሃል። በ19 ዓመት ሁሉም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል ይባላል። ነገር ግን 19 ጊዜ 11 ማለት 209 ነው፤ 209 በ30 ሲገደፍ ደግሞ የሚቀረው 29 ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። አንድ ቀን ጎደለ! በመጨረሻው ዓመት ወንበሩ 18፣ አበቅቴውም 18 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት 29 መሆን ሲገባው ወንበሩ ወደ አልቦ ስለሚመለስ አበቅቴውም አልቦ ይሆናል። በዚያ ዓመት ጨረቃ 11 ሳይሆን 12 ቀን ዘለለች ማለት ነው። ደንቡ ይህን ዝላይ በ19 መግደፍ ውስጥ ሸሽጎታል። ዝላዩ ስሕተት አይደለም፤ አስፈላጊ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ የፀሐይ ዓመት 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ሲሆን፣ 235 የጨረቃ ወር 6939 ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ አንድ ቀን ባይዘለል ኖሮ ሁለቱ አይገጥሙም ነበር። ከዘለለም በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይተርፋል፤ ይህም በ300 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ይህን ዝላይ ጠይቆ ያገኘ ተማሪ፣ ምንም ዲግሪ ባይኖረው፣ የምርምር ሥራ ጀምሯል እላለሁ። ሳያገኘው መቶ ዓመት ፋሲካ ያወጣ ግን ገና አልጀመረም።

በመጨረሻም ዐቢይ ቀመር የሚባለውን 532ን እናስታውስ። የ4፣ የ7 እና የ19 ብዜት ነው። እነዚህ ሦስት ቊጥሮች የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ አንድ ሰው የዓመቱን ወንጌላዊ፣ የመስከረም 1ን ዕለትና አበቅቴውን ቢነግረን በ532 ዓመት ውስጥ ያለችውን አንዲት ዓመት ለይተን ማውጣት እንችላለን። የጥንት ጸሐፊዎቻችን በመጻሕፍት መጨረሻ ዘመነ ማርቆስ፣ አበቅቴ ይህን ያህል እያሉ ስለ ጻፉ፣ የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ በዚህ ይጠቀማሉ። ይኸው ነገር በሁለተኛ ዓመት የቊጥር ቴዎሪ ኮርስ የቻይናውያን የቀሪ ቴዎረም ተብሎ ይሰጣል። በማስተርስ የአልጄብራ ኮርስ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቊጥሮቹ ቀርተው ሪንግና አይዲያል በሚባል ልብስ ተመልሶ ይመጣል። አንዱን ነገር ዲያቆኑ፣ የሁለተኛ ዓመቱ ተማሪና የማስተርሱ ተማሪ በሦስት ስም ያውቁታል። ነገሩ አንድ ከሆነ፣ በደረጃዎቹ መካከል የቆመው ግድግዳ በነገሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። ያለው በሚጠየቀው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ይህን ስል የባሕረ ሐሳብን መምህራን ዝቅ ለማድረግ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። እነርሱ ትምህርቱን የሚሰጡት በዓል ለማውጣት ነው፤ ለዚያም በቂ ነው። ወቀሳዬ ወደ እኛ ይመለሳል። እኛ ማረጋገጫን እንማራለን ተብለን የገባን ሰዎች ስንት ኮርስ ነው በደንብ ብቻ ያለፍነው? የማትሪክስን ዲተርሚናንት ማስላት የማያውቅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የለም፤ ዲተርሚናንት ለምን እንዲያ እንደሚሰላ የሚናገር ግን በጣት የሚቈጠር ነው። የቀድሞ ፈተናዎችን ሰብስቦ መልሳቸውን በቃል ማጥናት በተማሮች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። መምህሩ ዐሥራ ዘጠኙን መጥቅዕ በቃላቸው ቢያወጡ ቢያንስ ዝርዝሩ ሙሉ ነበር፤ የእኛ ዝርዝር ግን ፈተና ላይ የወጣው ብቻ ነው። በዚህ አኳኋን ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ተማሪ ወደ ማስተርስ ኮርስ ልግባ ቢል፣ የሚያገኘው ሌላ የደንብ መዝገብ ነው፤ ልዩነቱ መዝገቡ ውድ መሆኑ ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውን ባጭሩ እንይ። ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1920 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1922፣ ዕድሜው 19 ሳለ፣ በፉሪየ ሲሪስ ላይ ሊቃውንቱን ያስደነቀ አዲስ ነገር አገኘ፤ የተመረቀው ግን በ1925 ነው። ይህ የሆነው የሉዚን የምርምር ክበብ ያልተመረቁ ተማሮችን ይቀበል ስለ ነበር ነው። ኮልሞጎሮቭ ራሱ ሲያስታውስ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ፈተና ፈጥኖ ያለፈው በከፊል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በወር 16 ኪሎ ዳቦና 1 ኪሎ ቅቤ ስለሚሰጠው ነበር። በዚያ የረኀብ ዘመን ይህ ታላቅ ሀብት ነው፤ የእኛ የቆሎ ተማሪም ነገሩን ሳይነገረው ይረዳዋል። ሕንዳዊው ራማኑጃን ደግሞ ሌላውን ትምህርት ትቶ ሒሳብ ብቻ ስለ ሠራ በአገሩ ኮሌጅ ፈተና ወድቆ ነበር፤ በ1914 ካምብሪጅ ተወስዶ በ1916 በምርምር ሥራው ዲግሪ ተሰጠው። የእርሱን ነገር ብዙ ተማሮች ለማስረጃ ይጠቅሱታል። ነገር ግን ሙሉውን መጥቀስ ይገባል፤ ራማኑጃን ስለ ፕራይም ቊጥሮች ከጻፋቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ስሕተት ነበሩ። የስሕተቱም ምክንያት የኮምፕሌክስ ፈንክሽንን ትምህርት አለማወቁ እንደ ነበር ሃርዲ ገልጿል። ቅኔ ሳያውቁ ወደ ትርጓሜ መሄድ ማለት ይህ ነው፤ ለእርሱ ብቻ ሊቅነቱ ካሰለት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የደረጃው ግንብ በጥንቃቄ ታስቦ የተሠራ አለመሆኑን ታሪኩ ያሳያል። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ/ም ተከፈተ፤ በ1954 ዓ/ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ ግን የተቋቋመው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ነው። እስከዚያ ድረስ ላይኛውን ሒሳብ የፈለገ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ስለዚህ ዲግሪውን ሳይጨርስ መጀመር የሚለው ጥያቄ ሊነሣም አይችልም ነበር። ዛሬ ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ሕንጻ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ መምህር ይሰጣሉ፤ ደንቡ ግን ባሕሩ አሁንም በመካከል ያለ ይመስል ቀርቷል። የዓመቱም ቊጥር ቢሆን የጸና አይደለም። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ምክንያት የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ፤ የፍሬሽማን ትምህርት በ2012 ዓ/ም ሲመለስ ደግሞ እንደ ገና ወደ አራት ወጣ። ሒሳቡ በዚህ መካከል አልጠበበም፤ አልሰፋምም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ይህ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ በተመረቀ ማግሥት ረዳት ተብሎ ሊቀጠርና ክፍል ገብቶ ሊያስተምር ይችላል። በሰኔ ለማስተርስ ኮርስ አልበቃህም የተባለ ሰው፣ በጥቅምት የመጀመሪያ ዓመት ተማሮችን ያስተምራል። በቅኔ ቤት አስነጋሪው ታናሾቹን የሚያርመው በመምህሩ ዐይን ሥር፣ ራሱም በየቀኑ ወደ ላይኛው ትምህርት እየተመለሰ ነው። የእኛ ረዳት ግን ከላይም ሳይማር፣ የሚያርመውም ሳይኖር ብቻውን ጥቍር ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ሳይመረቅ ላይኛውን መጀመር አደጋ ነው የሚሉ ሰዎች ይህንን አደጋ ለምን እንዳላዩት አላውቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ ቢባል፣ እኔ የምለው የሚከተለውን ነው። ያልተመረቀ ተማሪ የማስተርስ ኮርስ መውሰድ ሲፈልግ ዓመቱም ነጥቡም አይጠየቅ። ሁለት መምህራን አንድ ሰዓት ይስሙት። ከተማረው ኮርስ አንድ ቴዎረም እርሱ ይምረጥ፣ አንድ እነርሱ ይምረጡለት፤ ሰሌዳ ላይ ያለ ወረቀት ያረጋግጥ፣ ይጠየቅም። ይህ ነገር ቢጐድል ምን ይሆናል፣ ይህ ቊጥር ቢለወጥስ ቢባል መልስ ካለው ይግባ። ከገባም የታችኛውን አይተው፤ በሳምንት አንድ ቀን የታናናሾቹን የመልመጃ ሥራ እንደ አስነጋሪ ይስማ። የወሰደውም ኮርስ በኋላ ማስተርስ ሲገባ ይቈጠርለት፤ ያለዚያ ድካሙ ለማስታወሻ ደብተር ብቻ ይቀራል።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ ዐውቃለሁ። የመምህራን ጊዜ አይበቃም ይባላል። በየዓመቱ ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ከሁለት ከሦስት አይበልጥም፤ ሦስት ሰዓት ለአንድ የትምህርት ክፍል ብዙ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው፤ እኔም ሙሉ መልስ የለኝም። እንዲህ ያለ በር ሲከፈት ቀድሞ የሚያንኳኳው ማን ነው? እንደ እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከልጅነቱ ጀምሮ እንግሊዝኛ የተማረ፣ መምህር ፊት ቆሞ መናገር ያልፈራ፣ በሩ መኖሩንም ከዘመድ የሰማ ነው። ከኩታበር ወይም ከተንታ ገጠር የመጣው፣ ምናልባትም አበቅቴና መጥቅዕ በቃሉ የሚያወጣው ተማሪ፣ በሩ መኖሩን ሳያውቅ ይመረቃል። ማረጋገጫውን ቢያውቀውም በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ይንተባተባል፤ መንተባተቡም እንደ አለማወቅ ይቈጠርበታል።

ስለዚህ ሰሚዎቹ መምህራን ተማሪው እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም። በሁለተኛው ዓመት ማለቂያ በየክፍሉ ዞረው፣ ቀላል የሚመስል ግን ለምን የሚያሰኝ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ይሂዱ፤ መልሱን ለማምጣት አንድ ሳምንት ይስጡ። መልሱ በአማርኛም ይምጣ፣ በእንግሊዝኛም ይምጣ፣ ይቀበሉት። ለመጀመሪያው ዓመት የሚሆን ጥያቄ ቢፈልጉ፣ 209 በ30 ሲገደፍ 29 ከቀረ፣ የጎደለችው አንዲት ቀን የት ሄደች የሚለው ይበቃል፤ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች በስተቀር ማለቴ ነው።